መስታወት ውስጥ ያለ ቀሚስ እንዴት ይነበባል?

ከጭሮ፣ ከመሰላ ወይም ከገለምሶ ተነሥቶ ሐረር የሚገባ ሰው በግንብ በታጠረው በጁገል ውስጥ በተለምዶ የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው ሙዚየም ቢሄድ፣ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የሰበሰቡትን የከተማዋን ቅርስ ያያል። ሙስሊም ሴቶች የለበሱትን ልብስ የሚያሳይ ማንኛውንም ሙዚየም ስጎበኝ፣ እኔ ከቀለሙ በፊት ጽሑፉን አነባለሁ። «እስላማዊ ቀሚስ፣ ሐር» ብሎ ካበቃ ሥራው አልተሠራም። ከሞሮኮ እስከ ኢንዶኔዥያ ያለን ልብስ ሁሉ የሚሸፍን ስያሜ ስለ አንዲት ሙሽራ ምንም አይነግረንም።

ሃይማኖቱ ጨርቁን የት እንደነካው ማሳየት ግን ይቻላል። በእስልምና ሐር ለሴት የተፈቀደ፣ ለወንድ የተከለከለ ነው። ስለዚህ የሕንድ ሸማኔዎች ማሽሩ የተባለውን ጨርቅ ወንድም እንዲለብሰው ሲሠሩ ሐሩን ወደ ውጭ፣ ጥጡን ወደ ገላ አደረጉት። እንዲህ ያለውን ልብስ ፊቱን ብቻ አሳይቶ ጀርባውን የሚደብቅ ሙዚየም ዋናውን ነገር ደብቋል። ጎበዝ አዘጋጅ ጠርዙን ትንሽ ገልበጥ ያደርገዋል።

የሐረሪ ሴት አለባበስ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ጉፍታ ያገባች ሴት ከጆሮዋ ኋላ በሁለት የተጠቀለለ ጸጉሯን የምትሸፍንበት መረብ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ ተራ ጨርቅ ይመስላል። በራስ ቅርጽ ላይ ሲሆን ግን የሴቲቱ ጋብቻ ይነበባል። የሱሪው ጥልፍ ያለው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው፣ ከቀሚሱ ሥር ብቅ የሚለው እሱ ነውና። ሱሪውን ከቀሚሱ ለይቶ የሰቀለ ሰው ጥልፉ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ተመልካቹ እንዳያውቅ አድርጓል።

ቀጥሎ የንግዱን መንገድ እፈልጋለሁ። ጨርቁ የተሸመነበት፣ የተሰፋበትና የተለበሰበት ቦታ ሦስት ሊሆን ይችላል፤ በዘይላ በኩል የባሕር ማዶ ጨርቅ ወደ ሐረር ይገባ ነበር። ከተማዋም ራሷ ትሸምን ነበር። በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የሐረርን የእጅ ሽመና በውበትም በጥንካሬም ከአውሮፓ ፋብሪካ ጨርቅ አስበልጦታል።

ቁራጭ ጨርቅ ካያችሁ የቀረው የት ሄደ በሉ። ከግብጽ መቃብር የወጡት ጢራዝ የተባሉት ጨርቆች የከሊፋ ስም የተጻፈበት ጠርዛቸው ብቻ በነጋዴዎች እየተቆረጠ ተሸጧል፤ ጽሑፍ የሌለው ክፍል ብዙ ጊዜ ተጥሏል። ይህን የሚናገር ሙዚየም ሐቀኛ ነው።

በእኛ አገር የማየው ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው፤ የሙስሊም ልብስ ታሪክ ከጁገል ግንብ ሳይወጣ ይቀራል። በጭሮና በመሰላ በኩል ያሉ የኢቱ ኦሮሞ እናቶች የለበሱት ነጭ የጥጥ ልብስ ጌጥ ስለማይበዛበት ከቁም ነገር አይገባም። እነሱ ግን በዚያ ልብስ ሰግደዋል፣ ተድረዋል፣ ቡና ለቅመዋል። የጭሮንና የመሰላን ልብስ ያላካተተ የሐረርጌ ትርኢት፣ የቱንም ያህል ሐር ቢደረድር፣ ለእኔ ጎደሎ ነው።

እናም በሣጥናችሁ የአያታችሁ ልብስ ካለ ለሙዚየም ከመስጠታችሁ በፊት አትጠቡት፤ ላቡም ጥገናውም ማስረጃ ነው። ማን እንደለበሰችው፣ በየትኛው ሠርግ ወይም ዒድ እንደሆነ፣ ጨርቁ ከየትኛው ገበያ እንደተገዛ ዕድሜ የጠገቡትን ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉና አብራችሁ አስረክቡ።