ቅስትና ኦጂቭ፦ የቅርጽ ስምና የአካል ስም ሲደባለቁ

«ኦጂቭ» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል በእንግሊዝኛ መዛግብተ ቃላት ውስጥ ብዙውን ጊዜ «ጫፉ የሾለ ቅስት» የሚል ፍቺ ተሰጥቶት ይገኛል። ይህን ፍቺ እንዳለ ወደ አማርኛ የሚያሻግር ተርጓሚ በቅስትና በኦጂቭ መካከል ያለውን ልዩነት የቅርጽ ልዩነት ብቻ ያደርገዋል፤ አንዱ ክብ፣ ሌላው ሹል ይሆናል። ፍቺው ከአጠቃቀም የተቀዳ በመሆኑ ሐሰት አይደለም። ጉድለቱ ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ መልስ መዝጋቱ ነው፤ «ቅርጹ ምን ይመስላል?» የሚለው አንዱ ሲሆን፣ «የሕንፃው የትኛው አካል ነው?» የሚለው ሌላው ነው።

የቅርጹ ጥያቄ በቀላሉ ይፈታል። ግማሽ ክብ ቅስት አንድ ማእከል ብቻ ስላለው ከፍታው ምንጊዜም የስፋቱ እኩሌታ ነው፤ 4 ሜትር ስፋት ላይ የቆመ እንደ ሆነ ከፍታው 2 ሜትር ይሆናል። ሹል ቅስት ግን ከሁለት ማእከሎች ተነሥተው ጫፍ ላይ ከሚገናኙ ሁለት ክፋዮች የተሠራ ነው። ማእከሎቹ በቅስቱ ሁለት እግሮች ላይ ቢሆኑ ያው 4 ሜትር ስፋት ወደ 3.46 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። ማእከሎቹን በማቀራረብ ወይም በማራራቅ ግንበኛው ስፋቱን ሳይነካ ከፍታውን ይመርጣል፤ ቅስቱ በተመዘዘ መጠንም ግድግዳውን ወደ ጎን የሚገፋው ኀይል ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ግን በቅስት ዐይነቶች መካከል ያለ ልዩነት ነው። ሹሉም ቅስት ነው፤ ከቅስት ወገን አይወጣም።

ችግሩ የሚጀምረው ከአካሉ ጥያቄ ነው። በቀድሞው የፈረንሳይ ግንበኞች አነጋገር ኦጂቭ ከጣሪያው ማእዘን ወደ ማእዘን በሰያፍ ተሻግሮ ከሌላው ጋር የሚጠላለፈውን ድንጋያዊ ጎድን የሚሰይም ቃል ነበረ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቃሉ ወደ ሹሉ ቅስት ሲዛወር፣ ጁል ኪሸራ በ1850 ባወጣው ጽሑፍ ይህን አጠቃቀም ነቅፏል። የነቀፌታው ተገቢነት በሕንፃዎቹ ላይ ይታያል። በ1093 ተጀምሮ የዋናው ክፍል ጣሪያ በ1133 በተፈጸመው በእንግሊዝ አገር በሚገኘው በደርሃም ካቴድራል፣ ሰያፎቹ ጎድኖች ግማሽ ክብ ሲሆኑ የሾሉት ጣሪያውን በአግድም የሚያቋርጡት ቅስቶች ናቸው። እንግዲህ በጥንቱ ትርጉም ኦጂቭ የሆነው ክብ ነው፤ ሹሉም ኦጂቭ አይደለም። በሌላ በኩል በ879 የተፈጸመው የካይሮው የኢብን ቱሉን መስጊድ በሹል ቅስቶች የተሞላ ሲሆን ጣሪያው ጠፍጣፋ የእንጨት ነው፤ ሰያፍ ጎድን የለውም።

«ትርጉምን የሚወስነው ተናጋሪው ነው፤ ፈረንሳዮች ቃሉን ካዛወሩት የቋንቋ ሊቅ ምን አገባው?» የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። መርሑ ለፈረንሳይኛ የተገባ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ትርጉሞች ዛሬም በጽሑፍ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ተርጓሚውም አዲስ ስያሜ በሚቀርጽበት ጊዜ የምንጭ ቋንቋውን አሻሚነት አብሮ የመውረስ ግዴታ የለበትም።

ተቀባዮቹ ቋንቋዎችም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በዐረብኛ «ቀውስ» መወርወሪያውንም የሕንፃውንም ቅስት በአንድነት ይይዛል። አማርኛ ከዚያው ምስል ተነሥቶ «ቀስት»ን ከ«ቅስት» በአንዲት አናባቢ ይለያል። ስዋሂሊ ደግሞ መወርወሪያውን «ኡፒንዴ»፣ የሕንፃውን «ታኦ» ብሎ በሁለት ሥሮች ያስቀምጣቸዋል። በሦስቱም ቋንቋዎች ስሙ የወገን ስም ነውና ቅጽል ተጨምሮበት ክቡንም ሹሉንም ሊገልጽ ይችላል፤ ሰያፉ ጎድን ግን የራሱን ስም ይፈልጋል።

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ላሊበላ ያስረዳል። የቤተ ጊዮርጊስ የላይኛው ረድፍ መስኮቶች ዐናታቸው የሾለ ሲሆን የታችኞቹ የአክሱምን የክፈፍ ሥርዐት ይከተላሉ። ሕንፃው ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ በመሆኑ በእነዚያ መስኮቶች ላይ ተደጋግፎ ክብደት የሚያስተላልፍ የተገነባ ድንጋይ የለም፤ ሹልነታቸው የቅርጽ ጉዳይ ነው። ገላጩ «ኦጂቫዊ» ሲላቸው ግን፣ ቃሉ በፈረንሳይኛ ለጎቲክ ሥነ ሕንፃ መጠሪያ ሆኖ ስለ ቆየ፣ ያልተመረመረ የዝምድና ታሪክ በአንድ ቅጽል ሾልኮ ይገባል። አንባቢው ማስረጃ ሳይቀርብለት ድምዳሜ ይቀበላል። «ሹል ቅስት» ቢባል ግን የታየው ብቻ ይነገራል፤ የተጽዕኖው ጥያቄም ለታሪክ ተመራማሪው ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ስለዚህ ለቅርጹ «ግማሽ ክብ ቅስት» እና «ሹል ቅስት»፣ ለአካሉ «ሰያፍ ጎድን» ቢባል ሦስቱ ሐሳቦች ይለያያሉ። «ኦጂቭ» የሚለው የውሰት ቃል ስለ ፈረንሳይኛው ቃል ታሪክ ለሚጻፍበት ቦታና ለስታቲስቲክስ ሊቀር ይችላል። በስታቲስቲክስ ኦጂቭ የድግግሞሽ ድምር እየተጠራቀመ የሚያሳየው መስመር ነው፤ ጫፍ የሌለውን ይህን መስመር «ሹል ቅስት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ቢኖር፣ ጥፋቱ ከእርሱ ይልቅ አንዱን ፍቺ ለሁሉም ካበቃው መዝገበ ቃላት ነው።