ግራው ቀኝ ሲሆን

አንዳንድ የማስታወቂያ ባለሙያ በፎቶው ያለው ሰው ከገጹ ወደ ውጭ ከተመለከተበት ግራና ቀኙን ይገለብጠዋል፤ ፊቱ ወደ ጽሑፉ ይዞርለታል። የወንዱ ኮት አቆላለፍ ግን የሴት ይሆናል፤ የጋብቻ ቀለበቱም እጅ ይለውጣል። ይህን እንኳ ልለፈው። የማዕድ ፎቶ ሲገለበጥ ግን ቤተሰቡ በሙሉ እንጀራውን በግራ እጁ ይጎርሳል! እንዲህ ያለውን ቤት ማን ያምነዋል?

መገልበጡ በራሱ ነውር ነው አልልም። ራፋኤል እ.ኤ.አ. በ1515 እና በ1516 ለሲስቲን ጸሎት ቤት የግድግዳ ስጋጃዎች ንድፍ ሲሠራ፣ የብራስልስ ሸማኔዎች ከጀርባው በኩል ስለሚሸምኑ ሥዕሉ እንደሚዞር ያውቅ ነበር። ለንደን፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ባለው የዓሣ ማጥመዱ ንድፍ ላይ ክርስቶስ በግራ ጫፍ ተቀምጧል፤ በቫቲካኑ ስጋጃ ግን በቀኝ። ሠዓሊው የሣለው ለዚያኛው ገጽ ነው።

ይህ ሳይታሰብ ሲቀር ታሪክ ይጣመማል። አሜሪካዊው ሽፍታ ቢሊ ዘ ኪድ በቆርቆሮ ላይ የተነሣው ፎቶ እንደ መስተዋት የተገለበጠ ስለሆነ ሰውየው ግራኝ ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ፖል ኒውማን የተወነበት ፊልምም ይህንኑ በርዕሱ ይዞ ወጣ። የሚመሰክረው ጠመንጃው ነው፦ የ1873ቱ ዊንቸስተር ጥይት የሚጎርሰው በቀኝ ጎኑ ነው፤ በፎቶው ግን በግራ ይታያል።