ዸ

ቅቤ በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ፣ «ዸዻ» ነው። ሁለት ፊደል ብቻ፤ ሁለቱም አማርኛ የሌለውን ድምፅ ይይዛሉ። የምላስ ጫፍ ወደ ላንቃ ይታጠፍና ትንፋሹ ወደ ውጭ በመፈንዳት ፈንታ ወደ ውስጥ ሳብ ይላል። በ«ደ» ቢተኩትም ነቀምቴ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ እናት ነገሩን ትረዳለች፤ እንግዳ መሆንዎን ግን ወዲያው ታውቃለች። ሌላ ቦታ ደግሞ ስሕተቱ ትርጉም ይለውጣል። «ዸቤ» አጣ ነው፣ «ደቤ» ጎበጠ። ያጣውን ሰው አጉብጠውት ያርፋሉ።

ጽሑፍ የማስተምራቸው ልጆች ጥሩውን ከመጥፎው በምን እንደምንለይ ሲጠይቁኝ ከዚህች ፊደል እጀምራለሁ። በእኔ እምነት በወለጋ ምድር ከሚከበሩ የእጅ ሥራዎች አንዱ በ1899 (እ.ኤ.አ.) ስዊዘርላንድ፣ ቅድስት ክሪሾና ላይ በግዕዝ ፊደል የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ስለ ሃይማኖቱ ሌሎች ይናገሩ፤ እኔን የሚይዘኝ የቃሉ አያያዝ ነው።

ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ ሰው ነው። በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። እናቱ ቤት የወጣለት ስም ሂካ ነበር፤ ሂካ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ስዊድን ተምሮ ከተመለሰ በኋላ ወደ ወገኖቹ አገር ለመግባት ደጋግሞ ሞከረ፤ መንገዱ አልከፈት አለው። ስለዚህ ያ ሁሉ ሥራ የተሠራው ከወለጋ እጅግ ርቆ፣ ምጽዋ አጠገብ ባለው እምኩሉ በሚባለው ሞቃት ስፍራ ነው። ቋንቋው በአፉ የሚኖርበት መንደር፣ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት፣ አንዱም በአቅራቢያው የለም።

እዚህ ላይ አስቴር ጋኖ ትገባለች። እሷም እንደ እሱ ለባርነት ተወስዳ የነበረች፣ በ1886 ወደ ዓረብ አገር ስትጫን የጣሊያን መርከብ ያስጣላት ልጅ ናት። እምኩሉ ደርሳ ፊደል ስትቆጥር ኦነሲሞስ ጆሮዋንና ትዝታዋን አስተዋለ፤ የኦሮምኛን ቃላት እንድትሰበስብለት አደረገ። 15,000 ያህል ቃላት ሰበሰበች። ከዚያ ደግሞ ዘፈኑን፣ ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ እንቆቅልሹን ከልቧ እያወጣች 500 ያህል ጻፈች። ከእነዚህ ከፊሉ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገባ። ያልታተመው ብዙ ነው።

ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ። መጽሐፍ ቅዱሱ ተተርጉሞ ሳያልቅ የሕዝቡ ጨዋታ ተጽፎ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ኦሮምኛ ይመስላል ወይስ አይመስልም የሚለው ክርክር ሲነሣ ዳኛው ከዕብራይስጥም ከስዊድንኛም አልመጣም፤ አስቴር የጻፈችው ተረት አጠገባቸው ነበር። ከዚያ በፊት ጀርመናዊው ክራፕፍ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በጻፈው በደብተራ ዘነብ ረዳትነት ሐዲስ ኪዳንን በኦሮምኛ አሳትሞ ነበር። ያም ትልቅ ድካም ነው። ቢሆንም እነ ኦነሲሞስ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመሩት፤ ሐዲስ ኪዳናቸውም በ1893 እምኩሉ ታተመ። የተሠራን ነገር ትቶ ከሀ መጀመር ድፍረት ይጠይቃል፤ እኔ ይህን ድፍረታቸውን ከሁሉ አብልጬ እወድላቸዋለሁ። የመጽሐፍ ቅዱሱ ርዕስ ገጽ የአስቴርን ስም አለመያዙ ደግሞ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ፊደሉ ሁሉን አልፈታላቸውም። «ቦሩ» ብለው ሲጽፉ አናባቢው አጭር ከሆነ ነገ ነው፤ ረዘም ከተደረገ የደፈረሰ ማለት ነው፤ በግዕዝ ፊደል ሁለቱም አንድ መልክ አላቸው። የሚጠብቀውም ከሚላላው አይለይም፤ ይህን «አለ» እና «ገና» የሚያስቸግሩን አማርኛ ጸሐፊዎች እናውቀዋለን። በ1991 የመጣው ቁቤ የሚባለው የላቲን ፊደል አጻጻፍ አናባቢውንም ተነባቢውንም በመደጋገም ይህን ችግር አቃለለ። የእነ ኦነሲሞስ ገጽ ግን አንባቢው ቀድሞ ቋንቋውን በጆሮው እንዲያውቅ ይጠይቃል። ጸሐፊዎቹም የጻፉት እንደዚያው ነበር።

ሁለቱ በ1904 ቦጂ ደረሱ፤ በኋላ ነቀምቴ ተቀመጡ፣ አስተማሩ። ኦነሲሞስ በ1931 አረፈ፤ አስቴር እስከ 1964 ኖረች።

ይህ በጆሮ መጻፍ እንዲገባቸው ባለፈው ክረምት ለልጆቹ አንድ ሥራ ሰጠኋቸው፤ መንገድ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ቀድታችሁ አምጡ አልኳቸው። አንዷ ይህን ይዛ መጣች፦ «የውኃ አቅርቦት መቆራረጥን ከመቅረፍ አኳያ የጥገና ሥራዎች በመከናወን ላይ ስለሚገኙ በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት አገልግሎቱ ሊስተጓጎል እንደሚችል ከወዲሁ እናሳውቃለን።» ደጋግመን አነበብነው። ሰው የለበትም። የሚጠግነው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ «በመከናወን ላይ ስለሚገኙ» የሚለው ቧንቧውን የሚነካ እጅ እንዳናይ ይጋርደናል። «ሊስተጓጎል እንደሚችል» ደግሞ ውኃው ይሄዳል ወይስ አይሄድም የሚለውን አንድ ነገር ሳይነግረን ይቀራል። በየትኛውም ቤት እንዲህ ብሎ የሚያወራ የለም።

«ጎረቤትሽ በር ላይ ቆመሽ ብትነግሪያት ምን ትያታለሽ?» አልኳት። ትንሽ አሰበች፣ ከዚያ ጻፈች፦ «ነገና ከነገ ወዲያ ቧንቧ ስለምንጠግን ውኃ የለም። ዛሬ ማታ ቅዱ።»

ቤት ወስዳ ለእናቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላት። እናቷ ሰምታ ሳትጨርስ ተነሥታ ጄሪካኑን ማጠብ ጀመረች።