ስፖት ሲቀየር ዋት አይበቃም

የኮርኒስ ስፖት ሲቃጠል የቤቱ ባለቤት መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ዋት ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከድሮው አምፖል የወረስነው ነው። ክሩ ግሎ በሚያበራው አምፖል ጊዜ ዋቱ ከፍ ካለ ብርሃኑም ከፍ ስለሚል፣ ዋት መጠየቅ ብርሃን መጠየቅ ነበር። በኤልኢዲ ግን ዋት የሚነግረን አምፖሉ ከቆጣሪው ምን ያህል እንደሚበላ ብቻ ነው። ምን ያህል እንደሚያበራ የሚነግረን ሉመኑ ነው፤ ብርሃኑ ምን ያህል ቦታ እንደሚሸፍን ዲግሪው ይነግረናል፤ ከስሩ ያለው ነገር ምን መስሎ እንደሚታይ ደግሞ ኬልቪኑና የቀለም መለኪያው። እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ትርጉም የሚያገኙት መብራቱ ከሚያርፍበት ቦታ ጋር ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ምርጫው ሱቅ ከመሄድ በፊት ቤት ውስጥ ማለቅ አለበት እላለሁ።

በመጀመሪያ የተቃጠለውን አውርዶ እግሩን ማየት ነው። በቤቶቻችን የተለመዱት ስፖቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የሁለቱም ፊት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከታች ሲታዩ አይለዩም። አንደኛው ጂዩ 10 ነው፤ በ10 ሚሊ ሜትር የተራራቁ፣ ጫፋቸው ወፈር ያለ ሁለት እግሮች አሉት፣ ገፋ ተደርጎ ይጠመዘዛል፣ 220 ቮልት በቀጥታ ይቀበላል። ሁለተኛው ጂዩ 5.3 ነው፤ እግሮቹ እንደ መርፌ ቀጫጭን ናቸው፣ ሳይጠመዘዝ ይሰካል፣ የሚሠራውም በ12 ቮልት ነው። ይህ ማለት ከጂፕሰሙ በላይ ትራንስፎርመር ተቀምጧል ማለት ነው። የ12 ቮልቱን አምፖል 220 ላይ በቀጥታ ያሰረ ሰው አምፖሉን ወዲያው ያጣል፤ አደጋም ሊደርስበት ይችላል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ከዚሁ ትራንስፎርመር ጋር ነው። ለሃሎጅን የተሠራ ኤሌክትሮኒክ ትራንስፎርመር ጎኑ ላይ ለምሳሌ «20–60 ዋት» ተብሎ ይጻፍበታል። ይህ ከ60 በላይ አልችልም ማለት ብቻ አይደለም፤ ከ20 በታችም አልሠራም ማለት ነው። የ50 ዋቱ ሃሎጅን ወጥቶ የ5 ዋት ኤልኢዲ ሲገባ ትራንስፎርመሩ የሚፈልገውን ጭነት ያጣና መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወይም ጭራሽ እምቢ ይላል። ሰው አምፖሉን ይወቅሳል፣ ሌላ ይገዛል፣ እሱም ያንኑ ያደርጋል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ትራንስፎርመሩን ለኤልኢዲ በተሠራ የ12 ቮልት ድራይቨር መተካት፣ ወይም እሱን አውጥቶ የጂዩ 10 ሆልደር ማሰር። ክፍሉ ብዙ ስፖት ካለው እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ከኮርኒስ በላይ የሚበላሽ ዕቃ ይቀንሳልና። ሥራው ግን ብሬከር ወርዶ፣ ኮረንቲ አለመኖሩ በቴስተር ተረጋግጦ፣ በባለሙያ እጅ ይሠራ።

ቀጥሎ ዲግሪው ነው። ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.80 ሜትር የሆነ ቤት፣ ቁመቱ 75 ሳንቲ ሜትር የሆነ የምግብ ጠረጴዛ እናስብ። የ24 ዲግሪ ስፖት ጠረጴዛው ላይ የሚጥለው ክብ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፣ የ36ቱ 1.30 ሜትር፣ የ60ው ደግሞ 2.40 ሜትር ገደማ ይሰፋል። ሉመኑ እኩል ከሆነ ክቡ ሲጠብ መሐሉ ይደምቃል፣ ሲሰፋ ይሳሳል። «ዋቱ ያው ነው፣ ግን ክፍሉ ጨለመብኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ብዙ ጊዜ የማገኘው ሰፊው በጠባብ ተተክቶ ነው። ለግድግዳ ሥዕል 24 ያምራል፤ ለጠረጴዛ 36 ይበቃል፤ በአራት ስፖት ብቻ ለሚበራ ሳሎን ግን 60ና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

የቀለሙን ነገር በደንብ የሚያሳይ አንድ ቤት አለ። እናቲቱ ለእንግዳ የሠሩት ዶሮ ወጥ ቀርቧል፤ ስፖቶቹ በቅርቡ የተቀየሩ ናቸው። «ልጄ፣ ወጡ ምነው ጠቆረብኝ? በርበሬው ነው እንዴ?» አሉኝ። በርበሬው ምንም አልሆነም። ከጠረጴዛው በላይ ካሉት ሁለት ስፖቶች አንዱን አውጥቼ የቀለም መለኪያው ከ90 በላይ የሆነ አምፖል አስገባሁና ሳህኑን ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው ሳብኩት። በአሮጌው ስር ቡናማ ሆኖ የነበረው ወጥ በአዲሱ ስር ቀላ፤ የዘይቱ ጠርዝ እንኳ ተለይቶ ታየ። የእናቲቱ የነጠላ ጥለትም እንደዚያው ቀለሙ ወጣ።

ምክንያቱ አምፖሉ ውስጥ ነው። ነጭ የምንለው የኤልኢዲ ብርሃን የሚነሳው ከሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊውን ኤልኢዲ የፈጠሩት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። በሰማያዊው ላይ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፎስፈር ይቀባና ሁለቱ ተደባልቀው ለዓይን ነጭ ይመስላሉ። በርካሹ ቅባት ውስጥ ግን ቀይ ስለሚያንስ በርበሬም፣ ሥጋም፣ የሰው ፊትም ይደበዝዛሉ። የቀለም መለኪያው፣ ማለትም ካርቶኑ ላይ «አርኤ» ወይም «ሲአርአይ» ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር፣ ይህን ይናገራል። ለኮሪደር 80 ይበቃል፤ ሰው ለሚበላበትና ለሚለብስበት ቦታ ግን ለ90 የሚጨመረው ብር አያስቆጭም።

ኬልቪን ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ሲቀንስ ወደ ቢጫ። ብዙዎች 6500ውን የሚወዱት ደማቅ ስለሚመስል ነው፤ መደብር ውስጥም ያምራል። ማታ ግን ቤተሰብ ተሰብስቦ በሚያርፍበት ሳሎን ፊትን ያገረጣል። ለሳሎንና ለመኝታ 2700 ወይም 3000፣ ለወጥ ቤት መክተፊያ 4000 እመክራለሁ። ዋናው ነገር በአንድ ክፍል ውስጥ አለማደባለቅ ነው። የአንዱ ፋብሪካ 3000 ከሌላው 3000 ጋር ሁልጊዜ ስለማይመሳሰል፣ ለክፍሉ የሚያስፈልገውን በአንድ ጊዜ ገዝቶ ሁለት መጠባበቂያ ማስቀመጥ ይሻላል።

ካርቶኑ ላይ 15,000 ሰዓት የሚል አምፖል በዓመቱ ሲሞት ብዙ ጊዜ የሚሞተው ኤልኢዲው ሳይሆን ከጀርባው ያለው ድራይቨር ነው። ጠላቱ ሙቀት ነው። ሃሎጅን እየጋለ መሥራት ይችላል፤ ኤልኢዲ ግን ሙቀቱን በጀርባው ካላስወጣ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ይደርቃል። ስለዚህ በእጅ ሲያዝ በጣም የቀለለውን እጠረጥራለሁ፣ ጀርባው በጠባብ ቆርቆሮ የታፈነ ስፖትም አልወድም። ማታ ማታ ኮረንቲው በሚወርድበት ሰፈር ደግሞ «220–240» ከሚለው ይልቅ «100–265» የሚለው ይታገሣል።

ማብሪያው ተዘግቶ አምፖሉ ጭል ጭል ካለ ማብሪያው ከፌዙ ይልቅ ኒውትራሉን እየቆረጠ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ መብራቱ ጠፍቶም ሆልደሩ ላይ ኮረንቲ አለና አምፖል ከመቀየር በፊት መስመሩ ይታይ። ዲመር ያለበት ቤትም በዲመር እንደሚሠራ የተጻፈበትን አምፖል ብቻ ይግዛ።

ቁጠባው ግልጽ ነው። አሥር ባለ 50 ዋት ሃሎጅኖች በቀን 4 ሰዓት ቢበሩ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላሉ፤ አሥር ባለ 6 ዋት ኤልኢዲዎች ሩብ እንኳ አይሞሉም። ከዚህ ትርፍ ላይ ጥቂቱን ለተሻለ አምፖል ማዋል ተገቢ ነው።

ሱቅ የሚሄድ ሰው አሮጌውን አምፖል ይዞ ይሂድ፤ ሉመኑን፣ ዲግሪውንና ኬልቪኑን ያንብብ፤ አምፖሉን አስበርቶ እጁን ከስሩ ያስቀምጥና የቆዳውን ቀለም ይይ፤ በስልኩ ካሜራም ይመልከተው፣ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተመላለሱ ብርሃኑ ስለሚርገበገብ ይተወው። ለሙያ ጓደኞቼም የምለው አለኝ። መሰላል ከመዘርጋታችን በፊት «እዚህ ማን ይቀመጣል? ምን ይሠራል?» ብለን እንጠይቅ። ያን መልስ ይዘን የመረጥነው አምፖል የሚወርደው ሲቃጠል ብቻ ነው።