አገርህን እወቅ ወይስ አገርህን እይ?

በመጽሐፍ፣ በቲያትርና በሥዕል ላይ ሒስ ይጻፋል። በጉብኝትስ ላይ? እንደ እኔ እምነት ጉብኝትም ድርሰት ነው። መነሻና መድረሻ አለው፤ ተራኪው አስጎብኚው ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መርጦ የሚያሳየውና ዘሎ የሚያልፈው አለው። ሐያሲ ደግሞ የተዘለለውን መጠየቅ ግዴታው ነው።

ለዛሬ የመረጥኩት የምሥራቁን መስመር ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ድሬዳዋና ሐረር የሚዘልቀውን። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር መስመር የሚነሣው እኔ ከምኖርባት ከሰበታ ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሐዲድ ከደጃችን ተነሥቶ ያንን ምድር ሲያቋርጥ፣ ስለ ምድሩ የሚተረክልንን መመርመር ለእኛም የሚገባ ሥራ ይመስለኛል።

ትረካው ርእስ አለው። የቱሪዝማችን አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለውጭው ዓለም ያስተዋወቁት መፈክር «የ13 ወር የፀሐይ ብርሃን» የሚል ነበር፤ በአማርኛ ግን «የ13 ወር ፀጋ» ተባለ። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ልብ ይሏል! ብርድ ላሰለቸው አውሮፓዊ ፀሐይ ራሷ ሸቀጥ ናት፤ ለገበያው ብልህ ምርጫ ነበር። ይህንኑ መፈክር ይዘን አዋሽ ብንወርድስ? ከብቱን እየነዳ ደመና ለሚጠብቀው ከረዩ 13 ወር ሙሉ ፀሐይ ማለት ድርቅ እንጂ ፀጋ አይደለም። መፈክሩ የተጻፈው ለሚመጣው እንጂ ለሚኖረው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» ሲተካው ርእሱ ተቀየረ፤ ነዋሪው ግን ዛሬም በትረካው ውስጥ ቦታው ጠባብ ነው።

ማስረጃው ከአዋሽ ፓርክ ይጀምራል። ጎብኚው የሚጓጓው ሳላን ለማየት ነው፤ ያ እንስሳ በኢላላ ሳላ ሜዳ ረዣዥም ቀንዶቹን አቅንቶ ሲቆም በእርግጥ ልብ ይሰርቃል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1966 ፓርኩ ሲቋቋም፣ በዚያው ዘመን ግድም የመተሐራ ስኳር እርሻ ሲስፋፋ፣ የከረዩ አርብቶ አደሮች የግጦሽና የውሃ ቦታቸውን አጥተዋል። ይህን ያልሰማ ጎብኚ በፓርኩ ውስጥ ከብት ሲያይ ወራሪ ያየ ይመስለዋል። ማን ቀድሞ እንደነበረ ማን ነገረውና! እኔ ሳላው ይቅር አልልም። ሁለቱም አንድ ሣር እንደሚሹ ቢነገር ግን የጥበቃው ሥራ ለምን እንደከበደ ጎብኚው ይገባው ነበር።

ቀጥሎ ሐረር ነው። ብዙ የከተማ ሰው ሐረርን በረሃ ያደርጋታል፤ ሐረር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደገኛ ከተማ ናት። የድሮው የምድር ባቡር ያንን ተራራ መውጣት ስላዳገተው ከታች ከቆላው ቀረ፤ ድሬዳዋ የተወለደችውም ከዚህ የተነሣ ነው። አንድ ዳገት የሁለት ከተሞችን ዕጣ እንዴት እንደለየ መተረክ ከማንኛውም ፎቶግራፍ ይበልጥ ነበር።

በጀጎል ውስጥ ጎብኚው የሚወሰደው ወደ «ራምቦ ቤት» ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በሐረር መኖሩ እውነት ነው። ቤቱ ግን እርሱ ከሞተ በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ቤቱ በራሱ ውብ ሆኖ ሳለ ውበቱ እንዲታይ የባዕድ ስም መዋስ ለምን አስፈለገው? በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ከተማ 82 መስጊዶችና 102 የዝያራ ሥፍራዎች ያሏት ናት። ማታ ማታ የሚታየው የጅብ ትርኢትም እንዲሁ ነው። ሐረሪዎች በአሹራ በዓል ለጅቦች ገንፎ አቅርበው የዓመቱን ዕድል የሚያነቡበት ልማድ አላቸው፤ በግንቡም ላይ የጅብ መግቢያ ቀዳዳ ትተውለታል። ይህ ሳይነገር ሥጋ በእንጨት ሲቀርብ ማየት ከሰርከስ በምን ይለያል?

ከጉዞው ሁሉ ምርጡ ምዕራፍ የሐረሪ መኖሪያ ቤት ነው። በውስጡ ያሉት ነደባዎች ማን የት እንደሚቀመጥ በከፍታቸው ይናገራሉ፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶች የሴቶቹን እጅ ጥበብ ይመሰክራሉ። እዚያ ነዋሪው ራሱ ተራኪ ነው። ጎብኚውም ጫማውን አውልቆ ገብቶ፣ ተቀምጦ ያዳምጣል።

ቀድሞ በየትምህርት ቤቱ «አገርህን እወቅ» የሚባል ክበብ ነበር። ስያሜውን ያወጡት ሰዎች «እይ» አላሉም፤ «እወቅ» አሉ። ማየት ለዓይን ብቻ ነው፤ ማወቅ ግን ባለአገሩን መጠየቅ ይፈልጋል። ውድ አንባቢ፣ የምሥራቁን መስመር ሲይዙ አስጎብኚዎን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ፦ «እዚህ ቦታ ማን ይኖር ነበር? ዛሬስ የት ነው?» መልስ ካገኙ የከፈሉት ገንዘብ አልባከነም።