ከውስጥ የሚዘጋ በር

በደንብ ከደነዘዘ መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል ግፊቱ ይሰማል፤ ብረቱ ሲነቀንቀውም ይታወቃል። ሕመሙ ግን የለም። ማደንዘዣው ሊዶኬይን ሕመም የሚያደርሱትን ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ቀድሞ ይይዛል፤ ግፊት የሚያደርሱት ወፋፍራሞቹ ይበልጥ ይቋቋሙታል።

ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው በሽፋኑ ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ተከፍተው ሶዲየም ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። የአንዱ መከፈት ቀጣዩን ያስከፍታል፤ ሕመሙ እንዲህ እየተቀባበለ አንጎል ይደርሳል። ማደንዘዣው እነዚህን በሮች መዝጋት አለበት፤ መዝጊያው ግን ያለው በውስጥ በኩል ነው። ከባዱ ነገር ይህ ነው፦ ሽፋኑ ቅባት ስለሆነ ቻርጅ የያዘ ሞለኪውል አያሳልፍም፤ በሩን አጥብቆ የሚይዘው ደግሞ ቻርጅ የያዘው ነው።

ኬሚስቶቹ ኒልስ ሎፍግሬን እና ቤንግት ሉንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1943 ስቶክሆልም ውስጥ የሠሩት ሞለኪውል፣ ሊዶኬይን፣ ለሁለቱም ይበቃል። አንዱ ጫፉ ከቅባት ጋር የሚስማማ ቀለበት፣ ሌላው ፕሮቶን የሚቀበልና የሚለቅ ናይትሮጅን ነው። በጤነኛ ሥጋ ውስጥ ሩብ ያህሉ ያለ ቻርጅ ይገኛል፤ ሽፋኑን የሚያልፈው ይህ ነው። ኩታውን ደጅ አውልቆ ገብቶ ቤት ውስጥ መልሶ እንደሚደርብ ሰው፣ ካለፈ በኋላ ፕሮቶን አንሥቶ ቻርጅ ይይዛል፤ ከዚያም በተከፈተው በር ውስጥ ገብቶ ይሸጎራል። እኔን አብዝቶ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ነርቩ ደጋግሞ መልእክት በላከ ቁጥር በሮቹ ደጋግመው ይከፈታሉ፤ ስለዚህ አብዝቶ የሚጮኸው ነርቭ ይበልጥ ይያዛል። ጊዜው ሲደርስ መድኃኒቱ ይለቃል፤ ደም ጠርጎ ይወስደዋል፤ በሩም እንደ ድሮው ይሠራል።

የጥርስ ሐኪሞች ይህን ኬሚስትሪ በእጃቸው ያውቁታል። ጥርስ መግል ሲቋጥር ዙሪያው ያለው ሥጋ አሲዳማ ይሆናል፤ የተወጋው ሊዶኬይን ገና ከደጅ ፕሮቶን ስለሚሸከም ሽፋኑን የሚያልፈው ያንሳል። ታካሚው «ኧረ ዶክተር፣ አልደነዘዘም!» ይላል። ጎበዝ ሐኪም ያኔ እዚያው ላይ መርፌ አይደጋግምም። የታችኛው መንጋጋ ከሆነ ወደ ኋላ ዘልቆ፣ ነርቩ አጥንት ውስጥ ከሚገባባት ቀዳዳ አጠገብ ይደርሳል። የመርፌው ጫፍ አጥንት ሲነካ ጥቂት ይመልሰዋል፤ ደም ሥር ውስጥ አለመግባቱን ሲሪንጁን ሳብ አድርጎ ያረጋግጣል፤ ከዚያ መድኃኒቱን ቀስ እያለ ይለቀዋል። እዚያ ያለው ሥጋ ጤነኛ ነው፤ መድኃኒቱ ነርቩን መግሉ ካልደረሰበት ቦታ ያገኘዋል።