ከቆዳ ሥር ያለች ምስክር

አቃቂ በሰቃ ውሻ ሲጠፋ ፍለጋው በአፍ ነው፤ ልጆች «ቡቺ! ቡቺ!» እያሉ ሰፈሩን ያዳርሳሉ፣ ዘበኛውም ባለሱቁም ይጠየቃል። ይህን ደግነት እወደዋለሁ። ግን የተገኘ ውሻ የማን እንደሆነ ራሱ አይናገርም። በጆሮው ውስጥ የተነቀሰ ቁጥርም ከዕድሜ ጋር ይደበዝዛል። የሩዝ ፍሬ የምታህለው ማይክሮቺፕ ግን በትከሻዎቹ መካከል ከቆዳ ሥር ገብታ ዕድሜውን ሙሉ አብራው ትኖራለች። ባትሪ የላትም፤ ማንበቢያ መሣሪያ ሲጠጋት 15 አሃዝ ያለው ቁጥሯን ትናገራለች። ውሻው የት እንዳለ አትጠቁምም፤ ቁጥሯ ከባለቤቱ ስልክ ጋር ከተመዘገበ ግን ቡቺን ከደጁ ታደርሳለች። ጎረቤት ላገኘው ውሻ ባለቤቱን የምትመሰክር ይህች ቅንጣት ታስደንቀኛለች።